አጎቴ ያልጻፉት ጽሑፍ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የከብት በሽታ ተመራማሪ ነበሩ። ከጨፋ አርብቶ አደሮች ጋር የሠሩት ጥናት በሐኪሞችም በኢኮኖሚ ባለሙያዎችም ጽሑፎች ውስጥ ይጠቀሳል። አንድ ቀን ከሚሴ ቤታቸው ተቀምጠን ይህን በደስታ ስነግራቸው መነጽራቸውን ፈለጉ።

«አንብበውት ነው ወይስ ከሌላ ሰው ገልብጠው?» አሉኝ።

ጥርጣሬያቸው ልክ ነበር። ጽሑፎቹን ስናያቸው አንዱ ያላሉትን «ብለዋል» ብሎ አገኘነው።

«ጋሼ፣ ተጠቀስኩ ብሎ የሚከፋው ሰው እርስዎን ብቻ አየሁ» ብዬ ሳቅሁ።

«ወላሂ፣ ያላልኩትን ከሚያስብሉኝ ቢረሱኝ ይሻለኛል።»

መስክ ወርደው ባላዩት ጥናት ላይ ስማቸውን አያስገቡም ነበር። ተማሪዎቻቸው «ጋሼን ቢሮ አትፈልጓቸው፤ ሰንበቴ ከብት ተራ ናቸው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ካረፉ በኋላ ስለ ቆላ ግጦሽ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ከአዘጋጆቹ መካከል የእሳቸው ስም አለ። ጥናቱ የተሠራው ግን እሳቸው አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ ነው። ለዋናው አዘጋጅ ደወልኩ።

«ለክብራቸው ነው ወንድሜ፣ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል ብለን።»

«ረቂቁን አንብበውት ነበር?»



«የሳቸው ስም ካለበት ሰው ይጠቅሰዋል» አለኝ።

ስማቸውን እንዲሰርዘው ጠየቅሁት።

ትናንት የታረመው ጽሑፍ ደረሰኝ። ስማቸውን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደግሜ ፈለግሁት።