የገኒ በርበሬ በኦቶማን ምሽግ

የሙዚየሙ ጥበቃ ቦርሳዬን ከፍቶ አፍንጫውን ሲያስጠጋ «ኖ! ኖ!» አልኩት። አልሰማኝም። መጀመሪያ እሱ አስነጠሰ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ የተሰለፈው ቱሪስት በሙሉ።

ይህ የሆነው ዛሬ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ ኢስታንቡል ላይ ትራንዚቱ ረጅም ስለሆነ፣ ሙዚየም የተደረገ የድሮ የኦቶማን ወታደሮች ምሽግ ልጎብኝ ብዬ ወጣሁ።

በርበሬው የኔ አይደለም። የጓደኛዬ የገኒ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ እኛ አካባቢ ካለችው አሌክሳንድሪያ ኮል አድርጋ «ትንሽ ፌስታል ናት፣ በእጅሽ ያዢልኝ» አለችኝ። እናቷ ቦሌ ድረስ ይዘውልኝ የመጡት ግን ለሁለት ሰው የሚከብድ ቦርሳ ነው። እሳቸውን ፊት ለፊት እንዴት እምቢ ልበል?

ምሽጉ ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው። ገኒን እየረገምኩ ወጣሁት። (ጠላት ለምን እንዳልደፈረው ገባኝ። ግማሽ ላይ ትንፋሹ ያልቃል።)

ጫፍ ስደርስ በቀሌን ጀመርኩ። በርበሬውን መድፉ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁት። ግንቡ ላይም አነሳሁት። ፎቶዎቹ ከታች አሉ፤ ገኒን ታግ አድርጌያታለሁ።

ገኒዬ፣ ዛሬውኑ እገባለሁ። እቃሽን መጥተሽ ውሰጂ። ቤቴ ስምንተኛ ፎቅ ነው፣ ኤሌቬተሩም ይሠራል። አንቺ ግን በደረጃ ነው የምትወጪው። ላብሽን ሳላይ በር አልከፍትም።

እናንተስ «ትንሽ ናት» ተብላችሁ ምን ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉ፤ ገኒ ደረጃው ላይ ስታርፍ ታንብበው።