ያላሳቀኝ የእንስሳት ተረት

ወልድያ በተያዘች ሰሞን ከተከራየሁበት ግቢ ሰው ሁሉ ወጥቶ እኔና አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ብቻ ቀረን። እኔ እግሬ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ ወዴት ልሂድ?» ብለው ቀሩ። አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ወደ ደሴ ሊሸሽ ሲል አንድ የእንስሳት ተረት መጽሐፍ አልጋዬ ላይ አስቀመጠልኝ።

«በሳቅ ትሞታለህ» አለኝ።

መብራትም ስልክም ጠፋ። ሽማግሌው ከሚጋግሩት ቂጣ ያካፍሉኛል፤ ከዚያ ውጭ የሚያናግረኝ አልነበረም። መጽሐፉን እንደ ስንቅ ቆጥቤ አቆየሁት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብቸኝነቱ ሲብስብኝ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ገለጥኩት።

በመጀመሪያው ተረት ጅብ የአህያዋን ውርንጭላ በልቶ ሲያበቃ ለቅሶ ይደርሳል፤ እናቲቱን እያጽናና ጥርሱን ይፍቃል። ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው፤ አንዱ ይበላል፣ ደራሲው ይስቃል። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅኩት ለዚህ ነው? የተታለልኩ መሰለኝ። ከተኩሱ ድምፅ ይልቅ ያ ሳቅ አስከፋኝ።

ሽማግሌው ሙሰበሃቸውን እየቆጠሩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ጮክ ብለህ አንብበው፣ ልጄ።»

የጅቡን አነበብኩላቸው። ፈገግም አላሉ።

«እናትየውስ? ከለቅሶው በኋላ ምን ሆነች?»

«መጽሐፉ አይልም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምኑን ተረት ሆነ!» አሉ። «የእኔዋን አህያ ውርንጭላዋን ጅብ በላባት። ግራና ከተማ ለገበያ ስንሄድ ውርንጭላዋ የተበላችበት ቦታ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ዓመት ሙሉ በዙሪያ መንገድ ወሰድኳት።»

«አልመቷትም?»

«አላህን አልፈራም እንዴ?»

ፊቴን አዞርኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

በሳምንቱ አማቻቸው ከመርሳ በቅሎ ይዞ መጣና ወሰዳቸው። የቀረውን ዱቄት ትተውልኝ «አብሽር» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሳልናገር የሚመሽበት ቀን በዛ።

መንገድ ሲከፈት መርሳ ሄጄ አፈላለግኋቸው። ማረፋቸውን ነገሩኝ። ልጃቸው ምንጣፍ አንጥፋ አስቀመጠችኝና «ምናቸው ነህ?» አለችኝ።

«ጎረቤት ነበርን» አልኳት።