ውባንቺ የዘለለችው ቃል

ዛሬ ሙጃ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ውባንቺ፣ ስንማር አንድ ቃል ትዘል ነበር። መጀመሪያ የነቃሁባት እኔ ነኝ።

ዘመኑ ዘጠና ሰባት ነው። ነርሲንግ ልንማር ደሴ ገብተን አንድ መኝታ ክፍል ደረሰን፤ እኔ ጀውሀራ የባቲ ነጋዴ ልጅ፣ እሷ ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ዳዊት የሚያስተምሩ የኔታ ልጅ። ትምህርት በተጀመረ በወሩ አባቷ የኔታ ደሳለ አረፉ። ከቀብር ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ ድምጿ ጠፍቶ ተመለሰች። የሕክምና ቃላት ፈተናም ወደቀች። ድጋሚውን ከወደቀች ጓዟን ጠቅልላ ወደ አገሯ ነው።

እነዚያን ቃላት ማን እንዳወጣቸው እንጃ፣ ለሰው ምላስ አላዘነም። መምህራችን እየሰነጠቁ ያሳዩናል፤ ፊቱ የአካሉ ስም፣ ጅራቱ የሕመሙ። ጅራቱ «አይተስ» ከሆነ ያ አካል ተቆጥቷል ማለት ነው። ውባንቺ ግን ዓይኗ ደብተር ላይ፣ ሐሳቧ ላስታ ነበር።

አንድ ቀን ቁርኣን ስቀራ በለመድኩት ዜማ እየተወዛወዝኩ ቃላቱን ሳነበንብ ሳቀች። ደብተሬን ቀማችኝና በአባቷ የዳዊት ንባብ ታወርደው ጀመር። ጨጓራን አለች፣ ኩላሊትን አለች፤ ጉበት ላይ ስትደርስ ዘላ አለፈች። የየኔታ ተማሪ ቃል ከዘለለ ከመጀመሪያው እንደሚጀምር የነገረችኝ ራሷ ናትና መለስኳት። አሁንም ዘለለች። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ደግሜ መለስኳት።

«ሄፓታይተስ» አለችና ተንሰቀሰቀች።

አባቷ የሞቱት ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ነው። አገሬው የወፍ በሽታ ይለዋል፤ የሌሊት ወፍ የነካውን ልብስ የለበሰን ይይዛል ባይ ነው። እናቷ እማማ ባንችይርጋ የባላቸውን ጋቢ አጥበው ውጭ አሳድረውት ኖሯል። ከሞቱ ወዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። ውባንቺም ያን ቃል ባየች ቁጥር የምታየው እናቷን ነው። እኔ ግን አልተውኳትም።

«ሰንጥቂው» አልኳት።

ሰነጠቀችው። ጉበት፤ መቆጣት። ለረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችው። ፊቱም ላይ ጅራቱም ላይ ወፍ የለም።

ድጋሚ ፈተናውን አለፈች። ለእረፍት ጋሸና ላይ መኪና ቀይረን አብሬያት አገሯ ሄድኩ። እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ አባቷን የያዛቸው የጉበት በሽታ መሆኑን፣ በዓይን የማይታይ ተዋህስ እንደሚያመጣው፣ በልብስ ላይ ባለፈ ወፍ እንደማይመጣ ቀስ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ታዲያ ጋቢውሳ?» አሉ እማማ ባንችይርጋ።

«ጋቢው ምንም አላደረገም፣ እምዬ። አንቺም ምንም አላደረግሽም።»

እማማ ባንችይርጋ ያን ቀን ብዙ አለቀሱ፤ ደረታቸውን ግን አልመቱም። ያለቀሱት ለየኔታ ብቻ ነበር።