መወርወሪያ የሌለው በር

እኔ ባደግሁበት ቋሪት ሴት ሜዳ የምትወጣው ወይ ሳይነጋ ነው ወይ መሸትሸት ሲል። ብቻዋንም አትወጣም። አንዷ ከቁልቋሉ ኋላ ስትቀመጥ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ ሰው ከመጣ ትስላለች። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። በመካከል ያለውን ቀን መቻል ነው። ፈረስ ቤት ገበያ በምንሄድበት ጠዋት ውሃ አንቀምስም ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እናቶቻችን ሳይጠጡ ሲወጡ እያየን አደግን።

ይህ ልማድ ተከትሎኝ ህንድ አገር ይገባል ብዬ አላሰብሁም።

የሄድነው የልጄ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ስላቆሙ ነው። ፍኖተ ሰላም ሆና ፊቷና እግሯ አበጠ፤ ባሕር ዳር እጥበት ጀመሩላት፤ በመጨረሻ ዘመድ ወዳጅ ተረባርቦ ላከን። የሚሰጣት ሰው ሲፈለግ የታላቅ ወንድሟ ደም አልገጠመም፤ ታናሹ ስኳር አለበት። አባታቸው ሞቷል፤ ቀረሁ እኔ። ወንዶቹ ልጆቼ "አንቺ የልጅ ልጅ ያየሽ ሴት፣ እንዴት ይሆናል?" ብለው ተከራከሩኝ።

"እኔ ሁለት ደህና አለኝ፣ እሷ አንድም የላት። ይህ ፍርድ ነው?" አልኋቸው።

በቤቴ ዳቦ እንኳ ሳላስተካክል ቆርሼ አላውቅም።

ህንድ ስንደርስ ከሆስፒታሉ ማዶ፣ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች በሚያርፉበት ቤት አንድ ክፍል ተከራየን። ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ በዚያ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል። ውስጡ ወረቀት የለም። ውሃ የሞላ ባልዲ፣ በላዩ የሚንሳፈፍ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ጣሳ፣ ከግድግዳው ላይ ደግሞ ሲጫኑት ውሃ የሚተፋ ቀጭን ጎማ አለ። ገላም የሚታጠቡት እዚያው ነው፤ ወለሉ ደርቆ አያውቅም። በውሃ መታጠቡን አልጠላሁትም። በእኛ ቅጠል ከመጠረግ ይሻላል። ያስፈራኝ በሩ ነበር። መወርወሪያው ተነቅሎ የምስማሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። መቀመጫው ከበሩ ስለሚርቅ በእጅም በእግርም ደግፎ መያዝ አይቻልም።

መጀመሪያ የገባሁ ቀን ባልዲውን ከበሩ አስጠግቼ ተቀመጥሁ። ባልዲው በእርጥቡ ወለል ላይ ተንሸራተተና በሩ ብርግድ አለ። ፎጣ በትከሻው ላይ የጣለ ትልቅ ሰውዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል። እሱም ደንግጦ አንድ ነገር ተናገረና መልሶ ዘጋው። የተደፋው ውሃ ቀሚሴን ሲያርሰው እያየሁ መነሣት አቃተኝ።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ መድቦልን ነበር፤ ሳቂታ የአዲስ አበባ ልጅ።

"ለባለቤቱ ንገርልኝ፤ መወርወሪያ ያስገባበት" አልሁት።

"ነግሬዋለሁ እማማ። ነገ ይላል።"

"የእሱ ነገ መቼ ነው የሚነጋው?"

"እስከዚያ እንደ ሰዎቹ ያድርጉ። እየዘፈኑ እኮ ነው የሚታጠቡት። ድምፅ ከተሰማ ማንም አይገባም።"

"እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ልዝፈን?"

"መዝሙርም ቢሆን..."

"መዝሙር እዚያ ውስጥ? እግዜር ያሳይህ!"

ልጄ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። ከአገር ከወጣን ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ተይው እናቴ፣ እኔ ቆሜ እጠብቅሻለሁ" አለችኝ።

ጠበቀችኝም። ግን እጥበት ተደርጎላት በተመለሰች ቀን ከውስጥ ስወጣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ አልያዛትም። ፊቷ አመድ መስሏል። "ደህና ነኝ፣ ጨረስሽ?" አለችኝ። አቅፌ ስመልሳት በልቤ ወሰንሁ። ከእንግዲህ ይህችን ልጅ ለእኔ ብዬ ከአልጋ አላስነሣም።

መላው ደግሞ የታወቀ ነው፤ ውሃ አለመጠጣት። ሙቀቱ ከባድ ነበር። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። "እናቴ፣ ልውጣልሽ?" ትለኛለች። "አልመጣብኝም፤ ተኚ" እላታለሁ። ሽንት ቤት የምወጣው ጎሕ ሲቀድ፣ ኮሪደሩ ጭር ሲል ብቻ ሆነ። ያኔም ቢሆን የሰው ኮቴ የሰማሁ እየመሰለኝ ሳልጨርስ እነሣለሁ።

እንዲህ እንዳለሁ ተመረመርሁ። ውጤቱን ልንሰማ ከሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ደግሞ ወረቀቱን አየ። ከአስተርጓሚው ፊት ያ ሳቅ ጠፋ።

"እማማ፣ ኩላሊትዎ የደከመ ይመስላል ነው የሚሉት። እንዲህ ከሆነ ከእርስዎ መውሰድ አይችሉም።"

ልጄን ማየት ፈራሁ። ሌላ የሚሰጣት ሰው እንደሌለ እኔም እሷም እናውቃለን። በሬሳ ሣጥን ይዣት ስመለስ ታየኝ፤ የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሐኪሙ አንድ ነገር ጨምሮ ጠየቀ።

"ውሃ ይጠጣሉ ወይ? ሽንትስ ቶሎ ቶሎ ይወጣሉ?"

ሁለት ወንዶች አፌን ያያሉ። የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ፤ ይህን ለገዛ ባሌ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ልጄ ናት ቀስ ብላ ወደ እኔ የዞረች።

"እናቴ፣ እኔን ላለማስነሣት ብለሽ ነው?"

ያን ጊዜ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"ቋጥሬ ነው በለው! በሩ መወርወሪያ የለውም፤ ሽንቴን ቋጥሬ ነው። ውሃም አልጠጣሁ። ኩላሊቴ ምን አጠፋና ይፈርድበታል? በሩን ሄዶ ይመርምር!"

ከውጭ የተቀመጡት ሕመምተኞች ሳይቀሩ ዞሩ። አስተርጓሚው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ተረጎመ። ሐኪሙ አልሳቀም። ደህና አድርጌ ውሃ እንድጠጣና እንደገና እንድመረመር አዘዘ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ግን ነገሩ ያበቃል አለ። ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጠኝ። ከጠዋት እስከ ጠዋት የምሸናው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ ጥቂት እንኳ ከጎደለ ምርመራው አይረባም።

ውሃውን መጠጣት ጀመርሁ። በእያንዳንዱ ጉንጭ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ሳይሆን ኩላሊቴ ራሱ ቢሆንስ? ተቆጥቼ ያልሁት ሁሉ ውሸት ቢሆንስ?

የምርመራው ቀን የልጄ እጥበት ቀን ሆነ። ነርሶች ወሰዷት፤ እኔ ዕቃዬን ይዤ ቀረሁ። ፀሐይ ከፍ ሲል ያጣድፈኝ ጀመር። ክፍላችን ውስጥ እንዳልቀመጥ መስኮቱ መጋረጃ የለው፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ያየናል፤ ዕቃውን በነጠላዬ ሸፍኜ ኮሪደሩ ጫፍ ደረስሁ። ወንዶች ፎጣቸውን ይዘው ቆመዋል። በሩ ላይ እጄን አድርጌ መግባትም መመለስም አቃተኝ። ብገባ ይከፍቱብኛል፤ ብመለስ ያመልጠኛል፤ ካመለጠኝ ልጄ ሞተች።

ከጎናችን ባለው ክፍል ባሏን የምታስታምም አንዲት አሮጊት ነበረች፤ በአንገት ሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቅ። ከክፍሏ ወጥታ አየችኝ። የተነቀለውን መወርወሪያ አየች፤ ከነጠላዬ ሥር ያበጠውን አየች። ምንም አልጠየቀችም። በክንዴ ይዛ አስገባችኝና በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። በቀዳዳው የልብሷ ቀይ ጠርዝ ይታየኛል። ከዚያ ሳለች።

ያን ሳል አውቀዋለሁ። የእሷም አገር ገጠር፣ ሴቶች ተያይዘው የሚወጡበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ማን አስተማራት?

ስወጣ ጣቷን ወደ ራሷ፣ ቀጥላ ወደ በሩ ጠቆመች። ገባች፤ እኔ ቆምሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ተራ ስንለዋወጥ ዋልን። አንድ ጎረምሳ ገፍቶ ሊገባ ሲል እሷ በቋንቋዋ ጮኸችበት፤ እኔም በቋንቋዬ "ተራህን ጠብቅ!" አልሁት። ገብቶት ነው መሰል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሐኪሙ ሁለተኛውን ወረቀት ሲገልጥ የልጄን እጅ ይዤ ነበር።

"ደህና ነው እማማ! ጤነኛ ነው ይላሉ።"

"ቀድሞም ጤነኛ ነበር" አልሁት። እንባዬ ግን ቀደመኝ።

ከእኔ አንዱን ወስደው ለእሷ ሰጧት። ከሰመመን ስነቃ አስተርጓሚውን መጀመሪያ የጠየቅሁት "ልጄ ሸናች ወይ?" ብዬ ነው። እዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ጮክ ብዬ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም አብረን ነን። ከቡሬ ወፍራም መወርወሪያ አስመጥቼ ለግቢያችን ሽንት ቤት አስመትቻለሁ። ሐኪሞቹ ሲሸኙን ግን፣ ሰውነቷ አንድ ቀን ኩላሊቱን ባዕድ ብሎ ሊገፋው ይችላል፤ ሽንቷ ካነሰ ፈጥናችሁ ኑ ብለውናል። ስለዚህ ስትገባ ተከትያት እወጣለሁ።

"እናቴ፣ ዘግቼዋለሁ እኮ። ምን ትሠሪያለሽ?"

"እጠብቅሻለሁ።"

"ግቢው ውስጥ እኮ ሰው የለም።"

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ጆሮዬን ወደ ቆርቆሮው በር አስጠጋለሁ። ድምፁ እስኪመጣ ድረስ እኔም አልተነፍስ።