ክፍሉ ተይዞ በረራው ሲጠበቅ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ፣ አገር ቤት ሰው የሞተበት ሐበሻ፣ ከቄሱ ቀድሞ የሚደውለው ለፀሐዩ ነው። ቄሱ ስለ ሟች ነፍስ ይጨነቃሉ፤ ፀሐዩ ደግሞ ለለቅሶ ስለሚበረው ሰው ኪስ።

«ጋሽ ፀሐዩ፣ አክስቴ አርፋብኝ ነው። ዋጋው ምንም ይሁን፣ ለነገ ልቁረጥ?» ይላል ደዋዩ በእንባ መሐል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ። ነገ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ? ቀብሩ እንደሆነ አልፎሃል። ማክሰኞ ሂድ፣ በግማሽ ይወርድልሃል።»

ለቀስተኛው እንባውን ጠርጎ ማክሰኞን ይጠብቃል። ፀሐዩ በዋጋ ተሳስቶ አያውቅማ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከአንዲት ጠባብ የትኬት ቢሮ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ፣ የስንቱን ሐበሻ መሄጃና መመለሻ ቆርጧል። በኋላ ሰው ሁሉ ትኬቱን በስልኩ መቁረጥ ሲጀምር ቢሮዋ ተዘጋች፤ ቦታዋን የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ወረሳት። ፀሐዩም ክሪስታል ሲቲ ወርዶ፣ የአንድ ሆቴል እንግዶችን በሚኒባስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ማመላለስ ያዘ። አመሉን ግን አልተወም። ሻንጣ እያወረደ «ስንት ከፍላችሁ ነው?» ይላል። የሚነግረው ካገኘ፣ ልጁ እንደታመመበት ሰው በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ እሱ ራሱ የበረረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ አሜሪካ ሲመጣ፣ አንዴ አባቱን ሊቀብር፣ አንዴ እናቱን።

ሚስቱ ባዩሽ አሌክሳንድሪያ ባለ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። ልጅ የላቸውም። ባዩሽ የአሰብ ልጅ ናት፤ አባቷ ወደቡ ላይ የጭነት ክሬን ያንቀሳቅስ ነበር። በሰማንያ ሦስት በአንድ ፌስታል ልብስ ከአሰብ ከወጣች ወዲህ ባህር አይታ አታውቅም። ኦሽን ሲቲ ሄደሽ ባህር አይተሽ የለ እንዳትሏት። አንድ ክረምት የቤተ ክርስቲያን ማኅበሯ ሰዎች በአውቶቡስ ወስደዋት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባችና ወደ ታች አየች። እግሯ የለም። «ይሄ ባህር አይደለም፣ የአንሶላ እጣቢ ነው። እጣቢ ደግሞ በሥራዬ ይበቃኛል» ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ባህር ማለት ለእሷ ደረት ድረስ ቆመውበት የእግር ጣት የሚቆጠርበት ውኃ ነው።

ይህን ምኞቷን ከሃያ ዓመት በላይ ማንም አልጠየቃትም። የጠየቃት አንድ ሻጭ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ስልክ ተደውሎ፣ አሌክሳንድሪያ አንድ ሆቴል ውስጥ ነፃ ምሳ አለ፣ የዘጠና ደቂቃ ገለጻ ብቻ ትሰማላችሁ ተባሉ። ዘጠናው ደቂቃ አምስት ሰዓት ሆነ። ፀሐዩ ሁለት ሰሃን በላ። ሁለት ሰሃን በልቶ «አንፈልግም» ማለት ለሐበሻ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቀ ይመስል፣ ሻጩ ሦስተኛውን አመጣለት። ከዚያ ወደ ባዩሽ ዞረና «ማየት የምትፈልጊው ምንድን ነው?» አላት። ነገረችው። ሴንት ቶማስ የሚባል ደሴት ፎቶ አወጣ፤ ቆዳዋ የጠየመ ሴት ውኃ ውስጥ ቆማ ጣቶቿ አሸዋው ላይ አንድ በአንድ ይታያሉ። ባዩሽ ፈረመች። ፀሐዩ አፉ ሙሉ ስለነበር ዝም አለ።

የገዙት ፖይንት የሚሉትን የእረፍት ጉዞ ነጥብ ነው። ፖይንቱ በየዓመቱ ይሰጣል፤ በእሱ የባህር ዳር ክፍል ይያዛል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያልነኩት ይቃጠላል። የአውሮፕላኑ ትኬት አይገባበትም። በእነ ፀሐዩ ቤት የጠብ በር የተከፈተውም በዚህች ቀዳዳ ነው።

«መጀመሪያ በረራ ይታያል» ይላል ፀሐዩ። «በረራ ሳያዩ ክፍል መያዝ፣ ሙሽራ ሳይኖር ድንኳን መትከል ነው።»

«አንተ ሙሽራ ስትጠብቅ ድንኳኑን ሌላ እየተከራየው ነው።»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«የዘገየ ደግሞ የሚለቅመውም አያገኝ።»

እውነቱን ለመናገር የፀሐዩ ሕግ ትክክል ነበር። የአናንዴሏ ፀዲ ክፍሉን ቀድማ ሃዋይ ይዛ፣ ለአምስት ነፍስ የትኬት ዋጋ ስታይ ክፍሉን ለፈጣሪ ትታ ወደ ዘመድ ቤት ፒትስበርግ እንደሄደች ያልሰማ የለም። ፀሐዩ ይህን ታሪክ እንደ ድርሳን ይደግመዋል። ነገር ግን እሱ ዋጋ ሲያይ ክፍሉ ያልቃል፤ ክፍል ሲገኝ ዋጋው አይጥመውም። የመጀመሪያው ዓመት ፖይንት ተቃጠለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

ባለፈው ሚያዝያ የባዩሽ ነገር መበላሸት ጀመረ። ሳሙናውን ከማጠቢያው ማሽን ውጭ ትደፋለች፤ በር እያየች ከመቃኑ ጋር ትጋጫለች። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ግላኮማ ነው ተባለ። የግራ ዐይኗ ሳታውቀው ሄዷል፤ የቀኙ እንደ ቧንቧ ጠቦ መሐሉ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘላት፤ ካልሠራ ቀዶ ጥገና አለ አላት። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ ስንት ጊዜ እንዳለሽ ልነግርሽ አልችልም፣ ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ ግን አሁን እዪው አላት።

በመኪና ሲመለሱ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ በመኪና ተዘግቶ ነበር።

«ሰማኸው?» አለች።

«ሰማሁ። ጠብታውን በሰዓቱ አድርጊ አለ።»

«ሌላ ምን አለ?»

ፀሐዩ የጎን መስታወቱን አየ። መስመር የሚቀይርበት ምንም ምክንያት አልነበረውም፤ ቀየረ።

«ትኬቱ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይረክሳል» አለ።

ባዩሽ የጠብታውን ማዘዣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሥራ ባልደረባዋ ርብቃ ምላሷ ስለት የሆነ ወጣት ናት። በጁላይ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከሚታጠፈው አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጠው፣ በርብቃ ስልክ ክፍሉን ያዙት። ሴንት ቶማስ፣ ከፌብሩዋሪ አሥራ አራት እስከ ሃያ አንድ፤ ከዚያ በፊት ክፍት ክፍል አልነበረም። ባዩሽ ማታ ለፀሐዩ ስትነግረው ቀኑን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ እኮ የፕሬዝዳንቶች ቀን ሳምንት ነው። ከበረዶ የሚሸሽ ሁሉ የሚበርበት። ካንስል አድርጊውና ለማርች እንያዝ።»

«ማርች ላይ ዐይን እንደሚኖረኝ ማን ነገረህ?»

ፀሐዩ ስልኩን አወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐዩ ዋጋ ጠባቂ ሆነ። ቀይ መብራት ላይ ያያል፤ ሻንጣ እየጫነ ያያል፤ ቅዳሴ ላይ ስልኩን በነጠላው ሸፍኖ ሲያይ ያዩት ሴቶች ለሳምንት የሚሆን ወሬ አገኙ። ኦክቶበር ውስጥ አንድ ማክሰኞ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዶላር ሆኖ አገኘው። ያን ዕለት ርብቃ ባዩሽን በመኪናዋ አምጥታት ቤት ነበረች።

«ይቁረጡት እንጂ ጋሽ ፀሐዩ።»

«ከአራት መቶ ይወርዳል።»

«ለአሥራ ሁለት ዶላር ብለው? እኔ አሥራ ሁለቱን ልስጥዎት።»

«ነገሩ የአሥራ ሁለት ዶላር አይደለም፣ ልጄ።»

«እሱስ ገብቶኛል። የምን እንደሆነ ግን ለእትዬ ባዩሽ ይንገሯት።»

በማግሥቱ አምስት መቶ አርባ ሆነ። ትናንት በአራት መቶ ያየውን ዛሬ በአምስት መቶ መግዛት ደግሞ ለፀሐዩ ከስድብ ይቆጠራል። ጠበቀ። ዲሴምበር ሲገባ ከሰባት መቶ አለፈ። እሱ እየጠበቀ፣ ባዩሽ ሥራዋን አቆመች። ሰሃን ለማየት እንደ ዶሮ አንገቷን ታዘነብላለች፤ ጠብታውን ጉንጯ ላይ ታፈሳለች። ፀሐዩ ይህን አይቶ ከክፍሉ ይወጣና ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይከፍታል።

ገንዘቡ ነበር። ባዩሽም ታውቃለች፣ ርብቃም ጠርጥራለች። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች መስኮት ሲያይ ግን አንድ ነገር ተምሮ ነበር፦ ዋጋ ሳይጠይቅ «በቃ ቁረጥልኝ» የሚል ሰው ለቀስተኛ ነው። ሠርገኛ ይከራከራል፤ ነጋዴ ይከራከራል፤ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ እንኳ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ይወጣል። መርዶ የደረሰው ብቻ ካርዱን ወርውሮ ፊቱን ያዞራል። ፀሐዩ ካርዱን መወርወር አቃተው። እስከተከራከረ ድረስ የሞተ ነገር የለም።

ጃንዋሪ ውስጥ አንድ ሐሙስ ባዩሽ ጭንቅላቴን ብላ ከእንቅልፏ ነቃች። «መብራቱን አብራው» አለችው። መብራቱ በርቷል። መጋረጃውም ተከፍቷል፤ ውጭው በረዶ ነው፤ ቤቱ በብርሃን ተሞልቷል። ፀሐዩ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ሄዶ ጣቱን እንዳኖረበት ቆሞ ቀረ።

በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ግፊቱ ወረደ፣ ሕመሙ ቆመ። ዐይኗ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ብርሃንና ጨለማ ትለይ ይሆናል አለ።

ክፍሉ ለተያዘበት ዕለት አሥራ አንድ ቀን ሲቀር፣ ፀሐዩ ሆቴሉ በር ላይ ሚኒባሱን እንዳቆመ፣ ሁለት ትኬት ቆረጠ። በስንት እንደቆረጠው ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ እንደዚያ ውድ ትኬት ግን በዘመኑ አልቆረጠም። ቤት ሲገባ ባዩሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«ትኬቱን ቆርጬዋለሁ» አላት።

«ለምን?»

«ክፍሉ እንዳይቃጠል።»

«ይቃጠል።»

ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ርብቃ መጥታ ሻንጣ ስታዘጋጅላት አገኘ። ምን ተባብለው እንደሆነ አልጠየቀም። ርብቃም ስትወጣ ሰላም አላለችውም፤ ይህ ከእሷ ስድብ ይልቅ ከበደው። ሐኪሙ ባህር ውኃ ዐይኗን እንዳይነካው ብቻ አስጠንቅቆ መብረር ትችላለች አለ።

ደሴቱ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ እንደተባለው ነበር፤ ፎቶው አልዋሸም። ፀሐዩ በማግሥቱ ጠዋት ክንዷን ይዞ ወደ ውኃው አወረዳት። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ነጠላ ጫማዋን አሸዋው ላይ ትታ፣ እስከ ጉልበቷ ገባች። ውኃው ለብ ያለ ነው። ፊቷ እንደ መፈታት አለ። አንገቷን አጎንብሳ ወደ ታች ዞረች፤ እንደዚያ ሆና ቆየች፤ ፊቷም ተመልሶ ተቋጠረ።

«ግልጽ ነው?» አለች።

«ግልጽ ነው።»

«ጣቴ ይታያል?»

«ይታያል።»

«ዝም ብለህ አዎ አዎ አትበለኝ። የምታየውን ንገረኝ። እስቲ ንገረኝ።»

ፀሐዩ ወደ ታች አየ። አሸዋው ነጭ ነው አላት። ከተረከዟ ኋላ የጣት የሚያህሉ ዓሦች አሉ አላት። ከዚያ እግሯን አየ። በዚያ ውኃ ውስጥ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። የአሥሩም ጣቶች ጥፍር ተንሻፎ ተቆርጧል፤ አንዱ ረዝሞ አንዱ እስከ ሥጋው ተበልቷል። የቀኝ አውራ ጣቷ ጥፍር ግማሹ የለም፤ የቀረው ጠቁሯል፤ ሥጋው ላይ በመቀስ የተበጣ ጠባሳ አለ።

«ጣቴስ?»

«አውራ ጣትሽን ቆርጠሽዋል።»

«አዎ። በዲሴምበር ነው።»

«እኔ እያለሁ ለምን ብቻሽን? ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጠርቼህ ነበር። ደረጃው ላይ ነበርክ፤ መጣሁ አልከኝ።»

ፀሐዩ አላስታወሰም። ለማስታወስ ሞከረ፤ መጣሁ ያለባቸው ማታዎች ብዙ ነበሩ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻለም። ትንሽ ማዕበል መጥቶ ቀሚሷን አረጠበውና ተመለሰ። አጠገባቸው ቤተሰብ ሁሉ ይንጫጫል፤ ሕፃናት በባልዲ ውኃ ይቀዳሉ።

«ዓሦቹ አሉ?» አለች ባዩሽ።

«ሄዱ።»

«ሲመለሱ ንገረኝ» አለችና ክንዷን ከእጁ አስለቀቀች። ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ ፀሐይዋ ሙቀት አዙራ ቆመች። ፀሐዩ አጎንብሶ ውኃውን እያየ ጠበቀ።