ኮንጎ ጫማና የመጥበሻ እጀታ

ፕላስቲክን የማይረግም ሰው እንዳልተማረ በሚቆጠርበት በዚህ ዘመን፣ እኔ የኮንጎ ጫማ ውለታ አለብኝ። በልጅነቴ መካኒሳ አቦ ግማሹ ልጅ ኮንጎ ነበር የሚጫማው። ጭቃ ቢረግጥ በአንድ ጣሳ ውኃ ይጸዳል፤ በበጋ የሚያወጣው ሽታ ግን አይነሳ። ማሰሪያው ሲበጠስ ቢላ ከሰል ላይ አግለን ሁለቱን ጫፎች እናቀልጥና እናጣብቃለን። በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ ስላልነበረ ልጆቹ «ሐኪሟ» ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ተቀብዬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄዳ፣ ቤት ውስጥ ገመድ ስዘል መጥበሻዋን ከመደርደሪያው ጣልኩት። ጥቁሩ እጀታ ለሁለት ተሰበረ። ያለን መጥበሻ እሱ ብቻ ነው፤ ያውም የሰርጓ ስጦታ። ከመመለሷ በፊት መጠገን ነበረብኝና ቢላዬን አጋልኩ። እጀታው ግን እንደ ኮንጎ አልራራልኝም። መቅለጡን ትቶ ጫፉ ከሰለ፤ ቤቱን ቀንድ የተቃጠለ የሚመስል ሽታ ሞላው።

ሽታው ጎረቤታችንን ጋሽ ተካን ጠራቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ።

«ሐኪሟ፣ በሽተኛሽ ያረፈ ይመስለኛል» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«ቢላው በደንብ አልጋለም መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«ቢላው ምን በደለሽ? ይሄ አንዴ ከጠጠረ የማይቀልጥ ዘር ነው። እንደ ጫማሽ ቢቀልጥማ እናትሽ እሳት ላይ በጣደችው ቁጥር እጇ ላይ በፈሰሰ ነበር። እኛም ለሶኬት የምንወደው ለዚሁ ነው። ጫማ ይሁን ብትይው ግን አይታጠፍልሽም፤ እንደ እንጨት ትራመጃለሽ።»

ይህን ሲሉ እናቴ ገባች። የከሰለውን እጀታ አየች፣ ቢላውን አየች፣ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ዱላውን ስጠብቅ፣

«ጣቶችሽን አሳዪኝ» አለች።

አንድ በአንድ አገላብጣ ካየች በኋላ ነው የቆነጠጠችኝ። ጋሽ ተካም በማግስቱ ለመጥበሻው የእንጨት እጀታ ሠሩለት።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ነጠላ ጫማ ማሰሪያው ተበጠሰ። «እማዬ፣ ይጣል በቃ፤ ሌላ እንገዛለን» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ለመጣል የሚቸኩሉትን ያህል ለመጠገን ቢቸኩሉ ኖሮ ፕላስቲክን የሚረግመው ሰው ግማሹ ሥራ ይፈታ ነበር። አልሰማኋትም። ቢላ አጋልኩ፤ የቢላው ጥቁር እጀታ እጄ ውስጥ እንደቀዘቀዘ ነበር። ማሰሪያው ተጣበቀ፤ ያ የድሮው የቀለጠ ኮንጎ ሽታም ቤቱን ሞላው።

ልጄ እየሮጠች መጣች። የተጠገነውን ጫማ ዞር ብላም አላየችው፤ እጄን ያዘችና ጣቶቼን አንድ በአንድ ታገላብጥ ጀመር።