ተያዥ ያጣሁበት ዓመት

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ወር ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። ዘመድ ሁሉ ቸኮለች አለ። እኔ ግን ዘግይቼ ነበር፤ ለለቅሶ የመጣው እህል ከለቀስተኛው ጋር አልቆ፣ የዘይቱ ጠርሙስ ተዘቅዝቆ ነበር የሚያድረው።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት እናቴን አስታምሜያለሁ። ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት አቃቂ ውስጥ በአንድ ክር ፋብሪካ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ደህና ሥራ ነበር፣ እወደውም ነበር። ታላቅ ወንድሜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። እኔ ባል አልነበረኝም። ስለዚህ ማን ቤት ይዋል የሚለው ጥያቄ አንድ ምሳ እንኳ አልፈጀም። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ «ሴት ልጅ እያለቻት የምን ሠራተኛ መቅጠር ነው?» አለች። ወንድሜ «በገንዘቡ እኔ አለሁ» አለ። ነበረም፤ ልዋሽበት አልፈልግም፣ በየወሩ ይልክ ነበር። ማገላበጡና ማጠቡ ግን በሞባይል አይላክም።

ቃሊቲ ውስጥ ደህናው የሥራ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በየፋብሪካው በር ላይ ነው። ቴሌግራም ላይም ይወጣል፤ ግን የቴሌግራሙን ከተማው ሁሉ ያየዋል፣ የበሩን የሚያየው በእግሩ የሄደ ብቻ ነው። እኔም በእግሬ ሄድኩ። ተሳቢዎቹ አቧራቸውን እያለበሱኝ ከበር በር ስዞር፣ ጥበቃዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እግዜር ይስጥልን!» ይሉኝ ነበር። ለልመና የመጣሁ መስሏቸው ነው። አይፈረድባቸውም፤ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሼ ነበር። ለእናቷ ሴት ልጅ ዓመት ሙሉ ጥቁር ትለብሳለች፤ በእኛ ቤት ይህ ክርክር የለውም።

በመጨረሻ አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ገና ወንበር ሳልይዝ መሀል ላይ ያለው «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«እናቴ።»

ሦስቱም «ነፍስ ይማር» አሉ። ከዚያ ስድስት ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር ጠየቁኝ።

«እናቴን ሳስታምም።»

«እሱማ የቤት ነው። እኛ ሥራ ነው የጠየቅንሽ» አለ አንደኛው። ሌላው ወረቀቴን እያገላበጠ፣ «ሙት ዓመት ምናምን እያልሽ ፈቃድ መጠየቅሽ ነው እንግዲህ» አለና ለራሱ ሳቀ።

ስወጣ በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። «በየጠዋቱ ይቺን እያየን ልንገባ ነው?» ሲል ሰማሁ። «ደንበኛው የሬሳ ሣጥን መሸጥ የጀመርን ነው የሚመስለው» አለ ሌላው። ከት ብለው ሳቁ። ተመልሼ ገብቼ ጠረጴዛቸውን ብገለብጠው እንዴት ደስ ባለኝ! አልገለበጥኩትም። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንባዬን በጥቁሩ ሻሽ ጠረግሁ።

ግቢያችን አጠገብ አንዲት አሮጊት አሉ። ቤተሰባቸው ይህ ሁሉ ፋብሪካ ሳይመጣ እዚሁ ያርስ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ፈጅተው ጡረታ ወጥተዋል። የሆነውን ስነግራቸው ነገር አላበዙም።

«አውልቂው» አሉኝ።

«እማማ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እራት ይሰጥሻል? እናትሽን አውቃት የለ! ብትነሳ በገዛ እጇ ነበር የምታወልቅልሽ።»

ልጃቸው ለምርቃቷ የገዛችውን ሰማያዊ ኮት አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ልክክ አለ።

ወንድሜ የራሱን ጥቁር ያወለቀው በአርባው ማግስት ነው። ጢሙን ተላጨ፣ ከረባቱን አሰረና «መሥሪያ ቤት ስለሆነ አይመችም» አለ። አክስቴ «እውነትህን ነው ልጄ፣ ከሰው ፊት የምትውል» አለችው። በዚያ ቀን ይህ ነገር ምንም አልመሰለኝም ነበር። ኮቱን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ግን ደሜ ፈላ።

ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ወደ ቂሊንጦ በኩል ያለ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ነው። ማን ሞተብሽ ያለኝ የለም። ዕቃ እንዴት እንደማስገባ፣ እንዴት እንደማወጣ፣ ጉድለት ሲገኝ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ፤ አፌ ተፈታ። ሠራተኛ የምትቀጥረው ሴትዮ፣ ቁጥብና ፊቷ የማይፈታ ሴት፣ ስለ ስድስቱ ዓመት ስትጠይቀኝ እናቴን ሳስታምም ነበር አልኳት።

«አሁን ተሻላቸው?»

«አዎ፣ ተሻላት» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አለፍኩ። የቀረው ተያዥ ማቅረብ ብቻ ነው አለችኝ። ንብረት የሚረከብ ሰው ያለ ተያዥ አይቀጠርም፤ ደመወዝ ያለው ሰው ዕቃ ቢጎድል ከኔ ይቆረጥ ብሎ መፈረም፣ መሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ መጻፍ አለበት። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጠችኝ። «ወንድሜ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው» አልኳት፤ እንዴት ኮርቼ ነበር!

ስመለስ ቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ከፊቴ የነበረችው ሴት ዞር አለች። አክስቴ ናት። ኮቱን ከላይ እስከ ታች አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አፈሯ ሳይደርቅ!»

«አክስቴ፣ ሥራ አግኝቼ እኮ ነው።»

«የናትሽ አፈር ሳይደርቅ ሰማያዊ!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተራዋ ሲደርስ እኔ ከምገባበት ታክሲ አልገባም ብላ ቀረች።

በማግስቱ ጥቁሬን መልሼ ለብሼ ወንድሜ ቢሮ ሄድኩ። ከአክስቴ ሰምቷል። እንግዳ እንደሚቀበል ሻይ አዘዘልኝ፤ ተያዥ ሁነኝ ስለው ብርጭቆውን ወደኔ አስጠጋ።

«እኔ ፊርማዬን የማኖረው ለማምነው ሰው ነው» አለ።

«እኔን አታምነኝም?»

«ለናቷ ሐዘን ዓመት ያልታገሰች፣ ለሰው ንብረት ትታገሳለች ብዬ እንዴት ልፈርም? ነገ ቢጎድል ከልጆቼ ጉሮሮ ነው የሚቆረጠው።»

«አንተ በአርባ ቀንህ አላወለቅህም?»

«እኔ ሥራ አለኝ።»

«እኔም ሥራ እንዲኖረኝ ነዋ! ስድስት ዓመት ሳገላብጣት፣ ቁስሏን ሳጥብ የት ነበርክ?»

«ቀለቧን ስልክ» አለ። «ድምፅሽን ቀንሺ፣ መሥሪያ ቤት ነው። ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

እናቱን አምኖ የሰጠኝ ሰው ነው። የሳሙና ካርቶን አላምንሽም አለኝ። ያን ዕለት ጠላሁት፤ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

እማማ ሳይነግሩኝ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊፈርሙልኝ ፋብሪካው ድረስ ሄደው ኖሯል፤ ጡረተኛ አንቀበልም ብለው ከበር መለሷቸው። የድሮ ባልደረቦቼን ዞርኩ። ግማሾቹ ተቀንሰዋል፣ አንዷ ለእህቷ ልጅ ፈርማለች፣ አንዷን ባሏ ከለከላት። ዓርብ ጠዋት ወንድሜን እንደገና ልለምነው ቢሮው ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ነው አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ጠብቄ ጠብቄ፣ በዚያው በጥቁር ልብሴ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ።

ሴትዮዋ ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። «ውይ! ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ።»

«ተሽሏቸው አልነበር እንዴ?»

«ተመለሰባት» አልኩ። ምን ልበል? ነፍስ ይማር ብላ እጄን ያዘችኝ፤ የዚያች ሴት ፊት ሲፈታ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ለሐዘንሽ ብላ እስከ ሰኞ ጨመረችልኝ። እናቴን ሁለተኛ ቀብሬ ቅዳሜና እሁድን አተረፍኩ።

ሰኞም ባዶ እጄን ቀረብኩ። ወንድሜ እንዳልፈረመልኝ ስነግራት ፋይሌን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«የኔ እህት፣ ክፉ ሰው አትመስይኝም» አለች። «ግን የገዛ ወንድምሽ ያላመነሽን እኛ በምን እናምንሻለን?»

ትክክል ነበረች፤ በሷ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አልቀጥርም ነበር። ቦታው ከኔ ቀጥሎ ለወጣችው ተሰጠ። ከዚያ በኋላም ጥቂት ቦታ ተፈተንኩ፤ የተያዥ ነገር ሲነሳ አገኛለሁ ብዬ እወጣና አልመለስም ነበር።

የሙት ዓመቱ ቀን ወንድሜ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ጣለ፣ በሬ አረደ። ካህናቱ ተቀምጠው፣ ጎረቤቱና ዘመዱ ሞልቶ፣ ምግቡ ሊቀርብ ሲል ወደ ጓዳ ከምንገባው ሴቶች መካከል ጠራኝ። በፌስታል አዲስ ቀሚስ ይዟል። አበባ ያለበት፣ ደማቅ፣ ውድ ቀሚስ።

«እህቴ ሐዘኗን በወጉ ጨርሳለች» አለ ለሰዉ። «ከእንግዲህ ትሥራበት። ሥራ የምታውቁላት ካላችሁ እባካችሁ።»

«ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለች አክስቴ። ሰዉም መረቀው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የምሩን ነበር፣ ደግነት የሠራ መስሎታል። ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ፌስታሉን አልተቀበልኩትም።

«ተያዥ ትሆነኛለህ?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

ወንድሜ ቀሚሱን ወንበር ላይ አኖረው።

«እሱን እናየዋለን» አለ። «በይ አሁን ካህናቱን አስታጥቢ።»

ማስታጠቢያውንና ፎጣውን አንስቼ ከካህናቱ ጀመርኩ። በየተራ እጃቸውን ዘረጉ፣ በየተራ አፈሰስኩላቸው፤ እያንዳንዳቸው መረቁኝ። ከነሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ወንድሜ ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። አፈሰስኩለት።